ውድ የእጅ መሣሪያ ወይስ ርካሽ? ጭማሪው ዋጋ የሚያዋጣበትና የማያዋጣበት

13 ቁጥር ቡሎን ዝጎ አልፈታ ብሏል። ርካሹ መፍቻ ገባለት፤ ትንሽ ይላወሳል። ጫን ሲሉት አፉ በስሱ ይከፈትና ማዕዘኑን ብቻ ነክሶ ይሽከረከራል። ቡሎኑ ተበላ። ከዚህ በኋላ መፍቻ ዋጋ የለውም፤ ወይ ግራይንደር ነው ወይ ብየዳ። መፍቻው ግን ምንም አልሆነም፤ ወደ ሣጥኑ ተመልሶ ቀጣዩን ቡሎን ይጠብቃል።

የእጅ መሣሪያ ሲገዛ ሊጠየቅ የሚገባው ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ መሣሪያው ሲያቅተው የሚጎዳው ማን ነው? ራሱ መሣሪያው ከሆነ ርካሹን ግዙ፤ ሲሰበር ሌላ ትገዛላችሁ። ሥራው፣ ልኩ ወይም እጃችሁ ከሆነ ግን ጨምራችሁ ግዙ።

ጭማሪው ገንዘብ የት ይገባል?

ከፊሉ ብረቱ ላይ፣ ይበልጡን ደግሞ ብረቱ ባለፈበት እሳት ላይ ይውላል። "ክሮም ቫናዲየም" የሚል ጽሑፍ በርካሹም በውዱም ላይ ታገኛላችሁ። ጽሑፉ ምን ከምን እንደተቀላቀለ እንጂ ብረቱ እንዴት እንደተጠነከረ አይናገርም። ብረት ግሎ በዘይት ወይም በውሃ ሲነከር ይጠነክራል፤ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ ይሞቅና ከጥንካሬው ትንሽ ተቀንሶ መሰበሩ ይተዋል። ይህ ሁለተኛው ሙቀት ሲሳሳት ከአንድ ሣጥን የወጡ ሁለት ካቻቢቴዎች አንዱ እንደ ሰም ይጣመማል፣ ሌላው ጫፉ ይረግፋል። ርካሽ መሣሪያ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም፤ ችግሩ የትኛው እንደሚደርሳችሁ አለመታወቁ ነው።

ጥንካሬ የሚለካው ሮክዌል ሲ በሚባል መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብረቱ ይበልጥ ጠንካራ ነው። መፍቻ ከ40 እስከ 48 ገደማ ይበቃዋል፤ ትንሽ መለጠጥ አለበትና። የካቻቢቴ ጫፍ ከ52 እስከ 60፣ የእንጨት መሮ ከ58 እስከ 62፣ ሞረድ ደግሞ ከ62 በላይ ይሆናል። አንድ ፋብሪካ ይህን ቁጥር ማሸጊያው ላይ ለመጻፍ ከደፈረ ጥሩ ምልክት ነው።

ሌላው ገንዘብ ልክን በትክክል ለማውጣት ይሄዳል። የተረፈው ለልባጥ፣ ለእጀታ፣ ለዋስትና፣ ለስምና ለሣጥን ነው። ከመጨረሻው ርካሽ ወደ መካከለኛው ዋጋ ስትወጡ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከመካከለኛው ወደ ጣሪያው ስትወጡ ግን ብዙ ከፍላችሁ ጥቂት ታገኛላችሁ፤ ያቺን ጥቂት የሚጠቀምባት ቀኑን ሙሉ መፍቻ ከእጁ የማይለይ ባለሙያ ነው። ለቤት ጥገና መካከለኛው ከበቂ በላይ ነው።

መፍቻና ቡሶላ

ሂሳቡን እንየው። የ13 ቁጥር ቡሎን ራስ ከጎን ወደ ጎን 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የመፍቻው አፍ 13.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን መፍቻው ቡሎኑን እስኪነክስ የሚዞረው 1 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ጉልበቱ ከጎኑ ጋር ተቀራርቦ ያርፋል። አፉ 13.4 ከሆነ ግን ከ3 ዲግሪ በላይ በባዶ ይዞርና ማዕዘኑ ላይ ብቻ ይቆማል። የ0.3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው ቡሎን የሚበላው። ካሊፐር (የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት የአፉን ስፋት ከውስጥም ከጫፍም ይለካ፤ ጫፉ ከውስጡ ከሰፋ አፉ ተከፍቷል ማለት ነው። ካሊፐር የሌለው አዲስ ቡሎን ይዞ ይሂድና አስገብቶ ያላውሰው።

ጥሩ ብረት ሌላም ጥቅም አለው፤ ሳይሰበር ቀጭን ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ርካሹ ብረቱን ስለማያምነው ዙሪያውን ያወፍረዋል፤ ያኔ ቡሎኑ ከግድግዳ ወይም ከሌላ ዕቃ አጠገብ ሲሆን ቡሶላው፣ ማለት ቡሎኑ ራስ ላይ ተደፍቶ የሚያዞረው ጉድጓዳ መፍቻ፣ አይገባም። ይህን ሱቅ ውስጥ ማንም አያስበውም፤ ሥራ ላይ ግን በየቀኑ ያጋጥማል።

ቡሶላ ስትገዙ ከውስጥ ባለ 6 ጎኑን ምረጡ። ባለ 12 ጎኑ ለማስገባት ይቀላል፤ ነገር ግን ወደ ማዕዘኑ ተጠግቶ ስለሚይዝ የዛገ ወይም የተበላ ቡሎን ላይ ይንሸራተታል። በአየር ወይም በባትሪ የሚሠራ መምቻ መፍቻ ካላችሁ የሚያብረቀርቀውን ባለ ክሮም ቡሶላ አትጠቀሙበት፤ ሊሰነጠቅና ሊፈናጠር ይችላል። ለዚያ ሥራ የተሠራው ጥቁሩ፣ ግድግዳው ወፈር ያለው የክሮም ሞሊብዲነም ቡሶላ ነው።

ክሪክ ክሪክ እያለ የሚዞረው የቡሶላ እጀታ ላይ የጥርስ ቁጥር እንደ ማስታወቂያ ይጻፋል። 36 ጥርስ ያለው ለአንድ እርምጃ 10 ዲግሪ፣ 72 ጥርስ ያለው 5 ዲግሪ ይፈልጋል። ጠባብ ቦታ ላይ 5 ዲግሪው ይመቻል። ግን ጥርስ ሲበዛ እያንዳንዱ ጥርስ ያንሳል፤ ደካማ ብረት ላይ ትንሽ ጥርስ በሙሉ ጉልበት ሲጫኑት ያመልጣል፣ ያመለጠ እጀታ ደግሞ ጣትን ከብረት ጋር ያጋጫል። ርካሽ መግዛታችሁ ካልቀረ ባለ 36ቱን ውሰዱ፤ ባለ 72 ከፈለጋችሁ ደህናውን ግዙ።

አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ላይ መቆጠብ አይመከርም። ተንቀሳቃሹን አፍ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ በግልጽ የሚወዛወዝ ከሆነ መልሱት። ጥሩ የሆነውንም ቢሆን ስታዞሩት ጫናው በማይንቀሳቀሰው አፍ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ያዙት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያውን ይሳደባሉ እንጂ አያያዛቸውን አይጠረጥሩም።

የማጥበቂያ ጉልበትን የሚለካው መፍቻ ብዙውን ጊዜ 4 ከመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይፈቀድለታል። ርካሹም አዲስ እያለ ይህን ሊያሟላ ይችላል፤ የሚለያዩት ስንት ጊዜ ከተጠቀሙበት በኋላ ከልኩ እንደሚወጣ ነው። የትኛውንም ብትገዙ ስታስቀምጡ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት፤ ከዚያ በታች ግን አታላሉት። የጠበቀ ቡሎን ለመፍታትም አትጠቀሙበት።

ካቻቢቴ

የቪት ራስ የሚበላበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከዋጋ ጋር አይገናኝም፤ የተሳሳተ ጫፍ ነው። መስቀል ራስ ያለው ቪት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፦ ፒኤች (ፊሊፕስ) እና ፒዜድ (ፖዚድራይቭ)። ፒዜዱ ከመስቀሉ ሌላ በመካከሉ አራት ቀጫጭን ጭረቶች ስላሉት ይታወቃል። ፒኤች 2 ካቻቢቴ ፒዜድ 2 ቪት ላይ የሚገባ ይመስላል፤ ጠበቅ ሲል ግን ወደ ላይ እየተገፋ ይወጣና ራሱን ይልጠዋል። ሁለቱንም ዓይነት መካከለኛ ዋጋ አውጥቶ መያዝ አንዱን ብቻ በውድ ከመግዛት ይሻላል።

ጫፉን ለመፈተን አዲስ ቪት ውሰዱና ካቻቢቴው ላይ ሰክታችሁ አግድም ያዙት። ማግኔት የሌለው ካቻቢቴ ቪቱን ለአፍታ እንኳ ከያዘው ቅርጹ በልኩ ተሞርዷል ማለት ነው። ወዲያው ዘንበል ብሎ ከወደቀ ጫፉ ክብ ነው ወይም ጥልቀቱ አይበቃም። ባለማግኔት ካቻቢቴ ግን ይህን ፈተና በማታለል ያልፋል፤ እሱን በመላወሱ መርምሩት።

ገንዘብ መቆጠብ ለሚፈልግ የተሻለው መንገድ የሚቀያየር ጫፍ ነው። እጀታው ርካሽ ይሁን፤ 6.3 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ካለው ይበቃል። ገንዘቡን 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባላቸው ጥሩ ጫፎች ላይ አውሉት። ጫፍ አላቂ ዕቃ ነው፤ ዳርቻው መንጣትና መክበብ ሲጀምር ጣሉት። የተበላ ጫፍን "አሁንም ይሠራል" ብሎ ማቆየት ከምንም በላይ ቪት የሚያበላሽ ልማድ ነው።

የቀለም ጣሳ መክፈቻና መፈልቀቂያ የሚሆን አንድ ርካሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ሣጥኑ ውስጥ ይኑር። ደህናው ለዚያ ሥራ አይነሳም።

ብሩጎላ የሚባለው ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ከካቻቢቴም ይብሳል፤ ርካሹ ማዕዘኑ ቶሎ ይከብና የቡሎኑን ጉድጓድ ይዞ ይጠፋል። የተበላውን ለማዳን ጫፉን 2 ሚሊ ሜትር ያህል በግራይንደር ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ አዲስ ማዕዘን ይወጣል። በየሁለት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ካልነከሩት ግን ሙቀቱ ብረቱን ያለዝበዋል።

ፒንሳ

ሪቬቱን ተመልከቱ። እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት አፉ እርስ በርሱ የሚሸራረፍ ከሆነ አትግዙ። ገጥማችሁ ወደ ብርሃን ስታዩት በመቁረጫው ስለት መካከል ብርሃን ማለፍ የለበትም። ከቻላችሁ ቀጭን ወረቀት ቁረጡበት፤ ከስሩ እስከ ጫፉ እኩል ከቆረጠ ጥሩ ነው፣ ከጫፉ ጎን ወረቀቱን ብቻ ካጠፈው ስለቱ አልተጋጠመም። ለመዳብ ሽቦ ርካሹ ይበቃል። ጠንካራ ሽቦ፣ የሞላ ሽቦና የተጠነከረ ምስማር ግን ስለቱን ይሸርፉታል፤ ለእነሱ የሚበቃ መሆኑ የተጻፈበትን ግዙ።

ኤሌክትሪክ ላይ ለሚሠራ ሰው ክርክር የለም። ፒንሳው በወፍራም ፕላስቲክ መሸፈኑ መከላከያ አያደርገውም፤ ብዙው ፕላስቲክ ለመያዝ እንዲመች ብቻ የተደረገ ነው። የሚፈለገው የተደራረቡ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ምልክትና "1000 ቮ" የሚል ጽሑፍ፣ ከጎኑም አይኢሲ 60900 የሚል የደረጃ ቁጥር ነው። በዚህ ደረጃ የሚሠራ መሣሪያ እያንዳንዱ በ10,000 ቮልት ይፈተናል። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጫረ መሣሪያው ለሌላ ሥራ ይዛወር። ይህ ሁሉ ኖሮም መጀመሪያ መብራቱ ይጠፋል።

ስለት ያላቸው

እዚህ ላይ ሂሳቡ ይገለበጣል፤ ጉልበት ያለው ሰው በርካሽ ያተርፋል። ርካሽ መሮ ብረቱ ደህና ሆኖ አሳሳሉ ብቻ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። የውዱን መሮ ዋጋ በአብዛኛው የምትከፍሉት ጀርባው በፋብሪካ ተስተካክሎ ስለመጣ ነው። ያንን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። መስታወት ላይ 220 ቁጥር የሸራ ወረቀት ዘርግታችሁ ከስለቱ በስተጀርባ ያለውን 20 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ብቻ አሹት፤ ከዚያ በ400፣ ከዚያ በ1000። ጭረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሲሆን ጀርባው ቀጥ ብሏል። ተዳፋቱን (ከጀርባው ተቃራኒ ያለውን ዘንበል ያለ ፊት) በ25 ዲግሪ ሳሉና ጫፉ ላይ በ30 ዲግሪ ጥቂት ጊዜ ጎተት አድርጉት። በጀርባ በኩል በጣት የሚሰማ ቀጭን ቅልብስ ሲወጣ ስለቱ ደርሷል፤ ጀርባውን በጠፍጣፋው አንድ ሁለቴ አሽታችሁ አንሱት።

ከዚያ ጠንካራ እንጨት ላይ ሞክሩት። ስለቱ ከታጠፈ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ከተሸራረፈ ከመጠን በላይ ጠንክሯል። በሁለቱም ተዳፋቱን ወደ 35 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። አሁንም ካልያዘ የቀለም መፋቂያ ይሁን። ግራይንደር የሚጠቀም ሰው ጫፉ ሰማያዊ ሲሆን ካየ ያቺ ቦታ ጥንካሬዋን አጥታለች፤ ሰማያዊው እስኪያልቅ ተሞርዶ ካልወጣ የሚሳለው ሁሉ ከንቱ ነው።

መላጊያ ሌላ ነገር ነው። ርካሹ ገላው ጠማማ፣ ምላጩ ስስ፣ መያዣው ልል ሆኖ ይመጣል፤ እንጨቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ መሰላል የመሰለ ምልክት ይተዋል። ይህን ለማስተካከል የሚፈጀው ሰዓት ከዋጋ ልዩነቱ ይበልጣል። ርካሽ አዲስ ከመግዛት ያረጀ ጥሩ መላጊያ ገዝቶ ማደስ ይሻላል።

የእንጨት መጋዝ በተቃራኒው የርካሽ ዕቃ ደስታ ነው። የጥርሱ ጫፍ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ያለው መጋዝ በኤሌክትሪክ ሙቀት የተጠነከረ ነው፤ ሞረድ አይበላውም፣ ስለዚህ አይሳልም። ለረጅም ጊዜ ይቆርጣል፣ ሲደነዝ ይጣላል። በዚያ ዋጋ እንዲህ የሚቆርጥ ሌላ ነገር የለም።

የብረት መጋዙ ሰጌቶ ላይ ግን ገንዘብ የሚወጣው ለሁለት ነገር ነው። ፍሬሙ ምላጩን አጥብቆ መወጠር ካልቻለ ቁራጩ ይጣመማል፤ መካከለኛ ፍሬም ግዙ። ምላጩ ባለ ሁለት ብረት የሚባለው ይሁን፤ ሲታጠፍ አይሰበርም። ጥርሱ ወደ ፊት፣ ከእጀታው ተቃራኒ ይመልከት። ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ለስስ ቆርቆሮ በ25 ሚሊ ሜትር 32 ጥርስ ያለው፣ ለተለመደው ሥራ ባለ 24ቱ፣ ለወፍራም ባለ 18ቱ።

ሞረድ በውድ ይገዛል። ርካሹ በጥቂት ቀን ብረት ላይ መንሸራተት ይጀምራል፣ የሞረድ ጥርስም ቤት ውስጥ አይታደስም። ወደ ፊት ብቻ ግፉት፣ ሲመለስ አንሱት። ከሌሎች ሞረዶች ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ማስቀመጥ ርካሹንም ውዱንም እኩል ይገድላል።

መለኪያ

መለኪያ ላይ ዋጋ የሚያሳስት ነገር ነው፤ ምክንያቱም በነጻ መፈተን ይቻላል። ፈተናውን ያለፈ ርካሽ መለኪያ ለዕለት ሥራ ከውዱ አያንስም።

ውሃ ልክን ቀጥ ባለ ቦታ ላይ አስቀምጡና አረፋው የቆመበትን ልብ በሉ። በዚያው ቦታ ግራ ቀኙን አዙራችሁ እንደገና እዩ። አረፋው ከእናንተ አንጻር ያው ቦታ ከቆመ ውሃ ልኩ ትክክል ነው፤ ወለሉ ዘንበል ቢልም ፈተናው ይሠራል። አረፋው ከቦታው ከተለወጠ የውሃ ልኩ ስህተት የልዩነቱ ግማሽ ነው። ደህና የሚባለው በ1 ሜትር 0.5 ሚሊ ሜትር ነው የሚስተው።

ማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ ቀጥ ያለ የእንጨት ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ መስመር አስምሩ፤ ገልብጣችሁ ከዚያው ነጥብ እንደገና አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ክፍተቱ የስህተቱ እጥፍ ነው።

ተጠቅላዩ ሜትር ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የሮማ ቁጥር ፈልጉ። ለ5 ሜትር ርዝመት አንደኛ ደረጃ እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛ ደረጃ እስከ 1.3፣ ሦስተኛ ደረጃ እስከ 2.6 ሚሊ ሜትር ሊስት ይችላል። ለበርና ለቁም ሣጥን ሁለተኛው ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ሲላወስ ደግሞ አትደንግጡ፤ ሆን ተብሎ ነው። ከውጭ ሲጎተት የራሱን ውፍረት ያህል ይወጣል፣ ከውስጥ ሲገፋ ይገባል፣ በሁለቱም ልኩ ትክክል እንዲሆን። "ላላ" ብለው በመዶሻ የሚያጠብቁት ሰዎች ናቸው ጥሩ ሜትር የሚያበላሹት።

ርካሹ የሚበቃበት

መዶሻ፣ መፈልቀቂያ ዘንግ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ቀላል ክላምፕ። መዶሻ ክብደት ነው፤ 500 ግራም ብረት በውድም በርካሽም 500 ግራም ነው። ሁለት ነገር ብቻ እዩ፦ ራሱ እጀታው ላይ እንዳይላወስ፣ የእንጨት እጀታው ጅማት ደግሞ በርዝመቱ እንዲሄድ። ጅማቱ ሰያፍ ከሆነ እዚያው ላይ ይሰበራል። መዶሻን በመዶሻ መምታት ግን በየትኛውም ዋጋ ክልክል ነው፤ የተጠነከረው ፊት ተሸርፎ ዓይን ውስጥ ይገባል።

አንድ መቶ ምናምን ዕቃ ያለበት ሣጥን

ቁጥሩ የሚሞላው በማትነኳቸው ጫፎች ነው። በሜትሪክ ቡሎን ላይ አብዛኛው ሥራ በ8፣ 10፣ 13፣ 17 እና 19 ቁጥር ያልቃል፤ እነዚህ ኤም 5፣ ኤም 6፣ ኤም 8፣ ኤም 10 እና ኤም 12 ቡሎኖችን ይፈታሉ (ከኤም በኋላ ያለው ቁጥር የቡሎኑ ዘንግ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው)። አዲሱ ደረጃ ለኤም 10 ራስ 16፣ ለኤም 12 ደግሞ 18 ስለሚል እነዚያን ሁለቱን ጨምሩ። ሰባት ደህና መፍቻ ከአንድ ትልቅ ሣጥን ይበልጣል።

"መጀመሪያ ርካሹን ግዛ፣ የተሰበረውን በውድ ተካ" የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ለመዶሻና ለመሮ ያስኬዳል። ለመፍቻና ለብሩጎላ ግን አያስኬድም፤ እነሱ ራሳቸው ሳይሰበሩ ነው ሌላውን የሚሰብሩት።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ያገለገለ ዕቃ ይፈልግ። የላይ ዝገት አያሳስብም፤ በኮምጣጤ ውስጥ ማሳደር፣ በብሩሽ ማሸት፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ማለቅለቅ፣ ወዲያው አድርቆ ዘይት መቀባት ነው። በጉድጓድ የተበላ ዝገት ስለቱ ላይ ካለ ግን ተዉት። አፉ የተከፈተ መፍቻ፣ የተበየደበት ወይም በግራይንደር ተቀርጾ ሰማያዊ የሆነ መሣሪያ ከሆነም ስሙ የቱንም ያህል ቢገን አትውሰዱት፤ ዋጋ የተከፈለበትን ጥንካሬ ያ ሙቀት አስቀድሞ ወስዶታል።